የድራይቨር ሬጅስተር ኮድ ሲቀልል፦ ምኑ ይነሳ፣ ምኑ ይቆይ?

የሌላ ሰው ድራይቨር (አንድን መሣሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያሠራ ፕሮግራም) ከፍቶ ለማንበብ የሞከረ ፕሮግራመር ይህን በደንብ ያውቀዋል። ገጹ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ነው። መነሻ አድራሻ ሲደመር 4። ሰባትን 21 ቢት ወደ ግራ ግፋ። ገልብጥ። አጥፋ። መልሰህ ጻፍ። ትንሽ ወረድ ሲባል ያው ነገር እንደገና ይመጣል፣ ቁጥሩ ብቻ ተለውጦ። ምን እየተሠራ እንደሆነ ለማወቅ የቺፑን ዳታሺት (አምራቹ የሚያወጣውን ዝርዝር መግለጫ) ጎን ለጎን ከፍቶ መቀመጥ ግድ ነው።

እንዲህ ያለ ኮድ ያየ ሰው ልጠራርገው ማለቱ አይቀርም። ተገቢም ነው። ችግሩ፣ በሌላ ፕሮግራም ላይ ምንም ጉዳት የሌለው የማቅለያ ዘዴ እዚህ መሣሪያውን ድርቅ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ሬጅስተር የሚነካ ኮድ ሲቀልል መቀነስ ያለበት አንባቢው በጭንቅላቱ የሚሸከመው ቁጥር ነው። መሣሪያው ስንት ጊዜ እንደሚነካና በምን ቅደም ተከተል እንደሚነካ ግን፣ ማስረጃ ከሌለ በቀር፣ እንዳለ ይቆይ።

ስለ የትኛው ሬጅስተር ነው የምናወራው?

ፕሮሰሰሩ ለራሱ ስሌት ስለሚጠቀምባቸው ሬጅስተሮች አይደለም። በመሣሪያው ውስጥ ስላሉት ነው። የኔትወርክ ካርድ፣ የሲሪያል ወደብ፣ የድምፅ ቺፕ ሁሉም የራሳቸው ሬጅስተሮች አሏቸው። በአብዛኛው ዘመናዊ ማሽን ላይ እነዚህ ሬጅስተሮች እንደ ሚሞሪ አድራሻ ይሰጣቸዋል። ፕሮሰሰሩ ወደዚያ አድራሻ ሲጽፍ ቁጥሩ ራም ላይ አያርፍም፤ ወደ መሣሪያው ይሄዳል። ባለ 32 ቢት ሬጅስተር 4 ባይት ስለሚይዝ አድራሻዎቹ ብዙ ጊዜ 0፣ 4፣ 8፣ 12 እያሉ ይቀጥላሉ።

አንድን ሬጅስተር 32 ማብሪያ ማጥፊያዎች የተደረደሩበት ሰሌዳ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። አንዱ ማብሪያ ለብቻው አንድ ነገር ያበራል። ሌሎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው አንድ ቁጥር ይፈጥራሉ፤ ይህን ስብስብ ፊልድ እንለዋለን። ንጽጽሩ ግን ሩቅ አይወስድም። ማብሪያ ስለታየ ብቻ አይለወጥም። ሬጅስተር ግን ስለተነበበ ብቻ የሚለወጥበት ጊዜ አለ።

ዕድሜ ጠገቡን 16550 የተባለውን የሲሪያል ቺፕ እንውሰድ። የእሱ ቀዳሚ የሆነው 8250 በ1981 በወጣው የአይቢኤም ፒሲ ዘመን የነበረ ነው፤ የሬጅስተር አደረጃጀቱ ዛሬም በብዙ ቺፖች ውስጥ ይገኛል። በዚህ ቺፕ ላይ ኦፍሴት 0ን (ኦፍሴት ማለት ከመነሻ አድራሻው ያለው ርቀት ነው) ስታነቡ ከውጭ የመጣውን ባይት ከወረፋው አውጥታችሁ ወሰዳችሁ ማለት ነው። ደግማችሁ ብታነቡ የሚመጣው ቀጣዩ ባይት ነው። እዚያው ኦፍሴት 0 ላይ ስትጽፉ ደግሞ ወደ ውጭ የሚላክ ባይት አስገባችሁ። በኦፍሴት 3 ያለው ሬጅስተር ቢት 7 ከበራ ጭራሽ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ያው ኦፍሴት 0 የፍጥነት ማካፈያው ዝቅተኛ ባይት ይሆናል። አንድ አድራሻ፣ ሦስት ሥራ።

አሁን አንድ ሰው ይህን ድራይቨር ሲያጸዳ «ይህ ንባብ ውጤቱ የትም አያገለግልም፣ ላጥፋው» ብሎ ቢሰርዝ አስቡት። ያ ንባብ የቆየ ቆሻሻ ባይት ከወረፋው ለማስወጣት ሆን ተብሎ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ተራ ኮድ ላይ ውጤቱ የማይፈለግ ንባብ ትርፍ ነው። እዚህ ግን ንባቡ ራሱ ሥራ ነው።

አንድ ፒን፣ አራት መስመር

ጥሩውን ማቅለል ለማየት ቀለል ያለ ቺፕ ይሻላል። የመጀመሪያው ራስበሪ ፓይ ላይ ያለው ቢሲኤም2835 54 የጂፒአይኦ ፒኖች (ሥራቸው በፕሮግራም የሚመረጥ የቺፑ እግሮች) አሉት። እያንዳንዱ ፒን ምን እንደሚሠራ፣ ግቤት ይሁን ውጤት ወይስ ሌላ፣ የሚወሰነው በ3 ቢት ነው። አንድ ባለ 32 ቢት ሬጅስተር 10 ፒኖችን ይይዛል፤ 2 ቢት ይተርፋል። ፒን 17 ስለዚህ ሁለተኛው ሬጅስተር ላይ ይወድቃል፤ ኦፍሴቱ 4 ነው። በዚያ ሬጅስተር ውስጥ ቁጥሩ 7 ስለሆነ፣ 7 በ3 ሲባዛ 21፤ ቢት 21፣ 22 እና 23 የእሱ ናቸው። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ ግቤት ነው። ቢት 21 ብቻ 1 ከሆነ ውጤት ነው።

ፒን 17ን ውጤት ለማድረግ የሚጻፈው ጥሬ ኮድ ይህን ይመስላል (የሲ ቋንቋ ምልክቶችን እንዳሉ ትቼ ስሞቹን በአማርኛ አድርጌያቸዋለሁ)፦

ዋጋ = አንብብ(መነሻ + 4);
ዋጋ = ዋጋ & ~(7 << 21);
ዋጋ = ዋጋ | (1 << 21);
ጻፍ(መነሻ + 4, ዋጋ);

አንብብ፣ የፒኑን 3 ቢት አጥፋ፣ አዲሱን አስገባ፣ መልሰህ ጻፍ። የሌሎቹ ዘጠኝ ፒኖች ቢት እንዳይነካ ነው ይህ ሁሉ ጣጣ። ኮዱ ትክክል ነው። ግን 4፣ 7፣ 21 እና 1 ምን እንደሆኑ የሚናገር አንድም ቃል የለም። ለፒን 18 ሲገለበጥ አንዱን 21 ወደ 24 ለውጦ ሌላውን መርሳት ደግሞ በጣም ቀላል ነው። ኮምፓይለሩ ዝም ይላል። ቴስት የማይደረግ ፒን ከሆነ ሰውም ዝም ይላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ለቁጥሮቹ ስም መስጠት ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን ስሌቱን ራሱን አንድ ቦታ መሰብሰብ ነው፦

ፒን_ሥራ_ምረጥ(ቺፕ, 17, ውጤት);

በዚህ ፋንክሽን ውስጥ ፒኑ ለ10 ተካፍሎ በ4 ሲባዛ ኦፍሴቱን ይሰጣል፤ ቀሪው በ3 ሲባዛ የቢቱን ቦታ ይሰጣል። ከዚያ አራቱ መስመሮች አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋሉ። ልብ በሉ፣ መሣሪያው አሁንም አንድ ጊዜ ተነቦ አንድ ጊዜ ይጻፍበታል። ለሃርድዌሩ ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው ለሰው ነው።

ሊኑክስ ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ማክሮዎች አሉት። ጄንማስክ ከዚህ ቢት እስከዚያ ቢት የሚል ማስክ (የተፈለጉትን ቢቶች ብቻ የሚመርጥ ቁጥር) ይሠራል። ፊልድ ፕሬፕ ደግሞ ማስኩንና ዋጋውን ተቀብሎ ዋጋውን ወደ ቦታው ይገፋል። ስንት ቢት ወደ ግራ እንደሚገፋ ከማስኩ ራሱ ስለሚያሰላ 21 የሚለው ቁጥር ሁለት ቦታ መጻፉ ይቀራል። በዚያ ላይ 3 ቢት ውስጥ 9ን ለመክተት ብትሞክሩ፣ ዋጋው ቋሚ ቁጥር ከሆነ፣ ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም። ስህተቱ መሣሪያው ጋ ሳይደርስ ተያዘ ማለት ነው። እኔ በድራይቨር ጽዳት ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው፤ ጥቅሙ ብዙ፣ አደጋው ኢምንት።

በጠቋሚ መንካት ለምን አይሆንም?

አድራሻው እስከታወቀ ድረስ ለምን በሲ ጠቋሚ በቀጥታ አይጻፍም? ኮምፓይለሩ ስለማያምናችሁ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከተጻፈ የመጀመሪያውን ትርፍ ነው ብሎ ሊጥለው ይችላል። በዙር ውስጥ ያለን ንባብ አንዴ አንብቦ በዚያው ሊቀጥል ይችላል። ቮላታይል የሚለው ቃል ይህን ይከለክላል፤ ግን ፕሮሰሰሩ ራሱ በሚሞሪ ጽሑፎች መካከል የሚያደርገውን ቅደም ተከተል የመቀያየር ነፃነት አይከለክልም። ለዚህ ነው የሊኑክስ ሰዎች በድራይቨር ውስጥ ቮላታይልን የማይወዱትና የመሣሪያን ሬጅስተር በሚያነቡና በሚጽፉ እንደ ሪድኤልና ራይትኤል ባሉ ፋንክሽኖች ተጠቀሙ የሚሉት። እነዚህ የባይት ቅደም ተከተሉንም፣ ቅደም ተከተል እንዳይቀያየር የሚከለክለውን አጥርም አብረው ይይዛሉ። ስፓርስ የሚባለው መመርመሪያ ደግሞ የመሣሪያን አድራሻ እንደ ተራ ጠቋሚ የሚጠቀም ኮድ ሲያገኝ ይጮሃል።

ቢኤስዲዎች (እንደ ሊኑክስ ያሉ ሌሎች ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች) ለዚሁ ሥራ ባስ ስፔስ የሚባል ዘዴ አላቸው። መለያ፣ መያዣና ኦፍሴት ሦስቱም በእያንዳንዱ ጥሪ ይተላለፋሉ። ጥሪው ረጅም ስለሆነ አብዛኛው ድራይቨር ሁለት ትንንሽ ማክሮ ይሠራለታል፤ አንዱ የመሣሪያውን መዋቅርና ኦፍሴቱን ወስዶ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል። ይህ ሸክም የሚያቀልል ሽፋን ነው። መዋቅሩን ከሰጣችሁት መነሻ አድራሻውን ራሱ ያወጣል።

ሽፋን ሁሉ ግን ጥሩ አይደለም። ሪድኤልን ስሙን ብቻ ለውጦ የሚጠራ፣ ሌላ ምንም የማይጨምር ፋንክሽን አንባቢውን አንድ ፋይል ወዲያ አንድ ፋይል ወዲህ ከማንከራተት በቀር ፋይዳ የለውም። እንዲህ ያለውን ማጥፋትም ማቅለል ነው።

ስለ ሲ ቢትፊልድም አንድ ነገር ልበል። ሬጅስተሩን እንደ መዋቅር ገልጾ ለእያንዳንዱ ፊልድ ቢት መመደብ በጣም ያምራል። ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ቢቶቹ ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀምሩ የሲ ደንብ ለኮምፓይለሩ ነው የተወው። በዚያ ላይ ሦስት ፊልድ በሦስት መስመር ስትሞሉ መሣሪያው ሦስት ጊዜ ተነቦ ሦስት ጊዜ ሊጻፍበት ይችላል፤ በመካከል ያሉት ሁለት ከፊል ሁኔታዎች ለመሣሪያው እውነተኛ ትዕዛዝ ናቸው። ኮዱ አጭር ሆነ፣ ሥራው ግን ረዘመ፤ ያውም ሳይታይ።

አጉል ማቅለል የሚጎዳበት ቦታ

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው 1 ሲጻፍባቸው የሚጠፉ ቢቶች ላይ ነው። የኢንተራፕት (መሣሪያው ፕሮሰሰሩን አቋርጦ የሚጠራበት ምልክት) ሁኔታ የሚያሳይ ሬጅስተር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው። ቢት 0 «ውሂብ ደረሰ» ይላል እንበል፣ ቢት 2 «ስህተት አለ» ይላል። ቢቱን ለማጥፋት 1 ትጽፉበታላችሁ። 0 መጻፍ ምንም አያደርግም።

አሁን አንድ ቀና ሰው ድራይቨሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ «አንብብ፣ ለውጥ፣ ጻፍ» በሚል አንድ ፋንክሽን ሊተካ ተነሳ። ሁለቱም ክስተቶች በአንድ ጊዜ ደርሰዋል። ሬጅስተሩ ሲነበብ ቢት 0ም ቢት 2ም 1 ናቸው፤ በቁጥር 5። ዓላማው ቢት 0ን ብቻ ማጥፋት ነው። ፋንክሽኑ 5ን ያነባል፣ ቢት 0 ላይ 1 ይጨምራል (ድሮም 1 ነው)፣ 5ን መልሶ ይጽፋል። መሣሪያው ሁለቱንም ያጠፋል። የስህተቱ ምልክት ማንም ሳያየው ሄደ። ትክክለኛው ኮድ 1ን ብቻ በቀጥታ ይጽፋል፤ ሳያነብ። ይህ ችግር የሚታየው ሁለቱ ክስተቶች ሲገጣጠሙ ብቻ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ቴስት ሲደረግ አይያዝም። ሥራ ላይ ሲውል፣ ጭነት ሲበዛ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ሁለተኛው ወጥመድ፣ ከተጻፈ በኋላ ያለምክንያት የሚመስለው ንባብ ነው። በፒሲአይ (ካርዶችን ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚያገናኘው መስመር) ላይ ጽሑፍ መንገድ ላይ ሊቆይ ይችላል። ፕሮሰሰሩ «ጻፍኩ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ሥራ ሲያልፍ ትዕዛዙ ገና መሣሪያው ጋ ላይደርስ ይችላል። ከዚያው መሣሪያ ማንበብ ግን ከፊቱ ያሉትን ጽሑፎች ገፍቶ ያስወጣል። ስለዚህ «ሪሴት አድርግ፣ አንብብ፣ ጥቂት ጠብቅ» የሚል ኮድ ውስጥ ያለችው ንባብ ብትጠፋ፣ ጥበቃው የሚጀምረው ሪሴቱ ሳይደርስ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለችውን ንባብ ከማጥፋት ይልቅ ከጎኗ አንድ መስመር አስተያየት መጻፍ ቀጣዩን አጽጂ ያድነዋል።

ሦስተኛው የውድድር ጉዳይ ነው። አንብቦ ለውጦ መጻፍ ሦስት እርምጃ ነው። በመካከሉ ኢንተራፕት ገብቶ ያንኑ ሬጅስተር ከለወጠ፣ የእሱ ለውጥ በኛ አሮጌ ዋጋ ይደመሰሳል። ስለዚህ ሎክ (አንዱ እስኪጨርስ ሌላውን የሚያስጠብቅ ቁልፍ) ያስፈልጋል። ቀደም ብለን ያየነው ቢሲኤም2835 ለፒን ማብራትና ማጥፋት ይህን በሃርድዌር ፈትቶታል፦ የማብሪያ ሬጅስተርና የማጥፊያ ሬጅስተር ለየብቻ ናቸው። የፈለጋችሁት ፒን ላይ 1 ትጽፋላችሁ፤ ሌሎቹ አይነኩም፤ ማንበብም ሎክም አያስፈልግም። የፒኑን ሥራ ለመምረጥ ግን ያው አሮጌው መንገድ ነው፣ ሎኩም አይቀርም። በአንድ ቺፕ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ስላለ «ሁሉንም በአንድ ፋንክሽን» የሚለው ሐሳብ እዚህም አይሠራም።

የተዘጋጀ ነገር እያለ

ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ያለን ነገር እንደገና መጻፍ የድራይቨሮች የቆየ ልማድ ነው። መሣሪያው «ጨረስኩ» የሚለውን ቢት እስኪያበራ የሚጠብቅ ዙር ጥሩ ምሳሌ ነው። ብዙ ድራይቨር የራሱን ይጽፋል፤ አንዳንዱ ጊዜ ገደብ ስለሌለው መሣሪያው ከደረቀ ማሽኑም አብሮ ይደርቃል። ገደብ ያለውም ቢሆን አንድ ስውር ስህተት ይኖርበታል፦ ዙሩ ሬጅስተሩን አንብቦ ሰዓቱን ከማየቱ በፊት ፕሮሰሰሩ ለሌላ ሥራ ከተወሰደ፣ ሲመለስ ሰዓቱ አልፏል፤ መሣሪያው በዚያ መሃል ጨርሶም ቢሆን «አልተሳካም» ይባላል። የሊኑክስ ሪድኤል ፖል ታይምአውት ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ሬጅስተሩን አንድ ጊዜ ደግሞ የሚያነበው ለዚህ ነው። አሥር መስመር ወጥቶ አንድ መስመር ሲገባ ትክክለኛነቱም አብሮ ይመጣል።

አድራሻውን የመያዝ ሥራም እንዲሁ ነው። ድሮ ሁለት ጥሪ ይጠይቅ የነበረው፣ የሚሞሪውን ክልል ማግኘትና መያዝ፣ ከሊኑክስ 5.1 (2019) ወዲህ በአንድ ጥሪ ያልቃል። ድራይቨሩ ሲወርድም መልቀቁ በራሱ ይሆናል። ይህ ሬጅስተሮቹን ጨርሶ ስለማይነካ ሳያንገራግሩ መቀየር ይቻላል።

ትልቁ መሣሪያ ሬግማፕ ነው። በ2011 በሊኑክስ 3.1 የገባ ሲሆን መነሻው የድምፅ ቺፖች ዓለም ነው። እነዚያ ቺፖች ብዙዎቹ የሚገናኙት አይቱሲ ወይም ኤስፒአይ በሚባሉ ጥቂት ሽቦ ባላቸው መስመሮች ነው፤ እያንዳንዱ ድራይቨር ደግሞ የራሱን ማንበቢያ፣ መጻፊያና ካሽ (ዋጋዎች ተገልብጠው የሚቀመጡበት ማከማቻ) ይደግም ነበር። ሬግማፕ ይህን አንድ ላይ አመጣው። መንገዱ አይቱሲ ይሁን ኤስፒአይ ወይም ሚሞሪ፣ ድራይቨሩ የሚጠራው ያው ነው። ሎኩን ራሱ ይይዛል። ዋጋዎችን ካሽ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ቺፑ ተኝቶ ሲነሳ መልሶ መጫን ይችላል። ሬጅስተሮቹንም በዲበግ ፋይል ያሳያል።

ግን ሬግማፕም የራሱ ጠባይ አለው። ካሽ ከበራ፣ የትኞቹ ሬጅስተሮች በራሳቸው እንደሚለወጡ ልትነግሩት ይገባል። ካልነገራችሁት የሁኔታ ሬጅስተሩን ከካሽ እያወጣ የድሮ ወሬ ይነግራችኋል። ሌላው፣ ቢቶችን የሚያሻሽለው ፋንክሽኑ አዲሱ ዋጋ ከአሮጌው ጋር እኩል ከሆነ ጭራሽ አይጽፍም። ለአብዛኛው ነገር ይህ ቁጠባ ነው። መጻፉ ራሱ ሥራ የሚያስጀምር ቢት ከሆነ ግን አሮጌው ኮድ ይጽፍ ነበር፣ አዲሱ ይዘለዋል፤ መሣሪያውም አይነሳም። ለዚህ የግድ የሚጽፍ ለብቻው ሌላ ፋንክሽን አለ፤ ስሙ ሬግማፕ ራይት ቢትስ ይባላል። በሚሞሪ የሚገናኝና በሰከንድ እጅግ ብዙ ጊዜ የሚነካ ሬጅስተር ከሆነ ደግሞ እኔ ሪድኤልና ራይትኤል ላይ እቆያለሁ፤ ተጨማሪው ንብርብር እዚያ ቦታ ዋጋ ያስከፍላል።

እንዴት ይሠራ?

በትንንሽ ፓች (ለብቻው በሚላክ የኮድ ለውጥ)። ስም መስጠት ለብቻው፣ ማክሮ መቀየር ለብቻው፣ ፋንክሽን ማውጣት ለብቻው። ስም ብቻ የተቀየረበት ፓች ከሆነ የሚፈጠረው የማሽን ኮድ መለወጥ የለበትም፤ ከበፊቱና ከበኋላው የወጡትን ፋይሎች ማወዳደር ይቻላል። ልዩነት ከታየ አንድ ቁጥር ተዛብቷል ማለት ነው፣ መሣሪያውም ሳያስፈልግ ተያዘ። በብዙ ፋይል የተበተነ ተመሳሳይ ለውጥ ከሆነ ኮክሲኔል የሚባለው መሣሪያ የኮዱን ቅርጽ አውቆ ይተካል፤ በእጅ ከመገልበጥ በጣም ይሻላል።

የማሽን ኮዱ የግድ የሚለወጥበት ፓች ሲሆን ደግሞ የሬጅስተሮቹን ዝርዝር ማስመዝገብ ነው፤ የትኛው ተነበበ፣ የትኛው ተጻፈ፣ በምን ዋጋ። ሬግማፕ ለዚህ የመከታተያ ነጥቦች አሉት፤ ሬግማፕ ከሌለ በሁለቱ ሽፋን ፋንክሽኖች ውስጥ ለጊዜው አንድ ማተሚያ መስመር መክተት ይበቃል። አሮጌውን ድራይቨር አስነስቶ ዝርዝሩን መያዝ፣ አዲሱን አስነስቶ መያዝ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስተያየት። በመጠበቂያ ዙር ውስጥ ያሉ ንባቦች ቁጥራቸው ከጊዜ ጊዜ ስለሚለያይ ያ አያስደነግጥ። የጠፋ ጽሑፍ፣ የተቀያየረ ቅደም ተከተል ወይም ያልነበረ ንባብ ከታየ ግን ፓቹን ከመላክ በፊት ዳታሺቱን ከፍቶ የዚያን ሬጅስተር ገጽ ማንበብ ያስፈልጋል።